ሐረጎ ላይ የሚታነቀው ኤንፒአር፦ ናፍታዬ ውስጥ ውሃው ከየት መጣ?

የሐይቁ ሾፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምነዳው አይሱዙ ኤንፒአር ነው። ሞተሩ ኮመን ሬይል ነው፣ ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው አዲሱ ዓይነት፣ የድሮው አይደለም። ከቆቦ ሽንኩርት ጭኜ ደሴና ኮምቦልቻ አራግፋለሁ። ስመለስ ያገኘሁትን ነው። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴ የሰርግ ድንኳንና ወንበር። ቤቴ ሐይቅ ከተማ ነው።

ችግሩ የጀመረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ጭኜ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስጀምር ሰላም ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ይታነቃል። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ አይቀበልም። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ። ከኋላዬ ሚኒባሶች ጥሩንባቸውን ያቀልጡታል። ባለፈው ሳምንት ረዳቴ ድንጋይ ይዞ ከጎማው አጠገብ በእግሩ እየሄደ ነው ዳገቱን የጨረስነው። እሱ እንደውም ሳይቀድመኝ አልቀረም።

ሜዳ ላይ ግን ምንም የለበትም። ሚኒሞ ላይም፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ ሲሠራ ማለቴ ነው፣ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ከመርሳ ወልድያ ብትሳፈሩ ጤነኛ መኪና ነው ትላላችሁ።

የናፍታ ፊልትሮ ቀየርኩ። አሥር ቀን ዳነ። ተመለሰበት። እንደገና ቀየርኩ፣ ይኼኛው ስድስት ቀን ብቻ ቆየ። አሮጌውን ፈትቼ ስገለብጠው ከናፍታው ጋር እየተንከባለለ የሚወርድ ነገር አየሁ። ረዳቴ በጣቱ ነካና «ወላሂ ውሃ ነው» አለ። ቀመሰውም። እናንተ አታድርጉት።

እኔ የማደያው ሥራ ነው ብያለሁ። የማዘወትረው አንድ ማደያ አለ፣ ስሙን አልጠራም። ሄጄ ቀጂውን ሰው ፊት ጮህኩበት። «ከእኛ የቀዳ ሌላ መኪና አልቆመም» ብሎ መለሰልኝ። የባሰ ተናደድኩ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ኖዝሎቹ፣ ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት፣ ሞተዋል፣ አራቱም ይቀየሩ አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ፊልትሮ ካለ ለምን አላስቀረውም? ኖዝል ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?


ቆራጡ፦

ወንድሜ አብሽር፣ ቀላል ነው። ታንከሩ ውስጥ ግማሽ ሊትር አልኮል ጨምርበት። ውሃውን ይዞት ተቃጥሎ ይወጣል። እኔ ቪትዜ ላይ ሞክሬው ሠርቷል። ለምን ትለፋለህ?


የአሰብ መንገድ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። መካኒክ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። መኪና በበር ሲያልፍ ምን እንዳመመው እናገራለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

መጀመሪያ አልኮሉን ተወው። ቆራጡ አይቀየመኝ፣ የእሱ ቤንዚን መኪና ነው። አልኮል ውሃን ከናፍታ ጋር ያላምደዋል። ከፊልትሮው በፊት ያለው የውሃ መለያ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ውሃው ለብቻው ሲሆን ነው። አላመድከው ማለት ተደብቆ እንዲያልፍ ፈቀድክለት ማለት ነው። ሌላም አለ። እንዳንተ ያለ ሞተር የናፍታ ፓምፑን ውስጡን ዘይት አይቀባውም። የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍታው ነው። አልኮልም ውሃም ያንን ልስላሴ ይነጥቁታል፣ ብረት በብረት ይፋጫል።

አሁን ወደ አንተ። ሲታነቅ ጭሱ ምን ይመስላል? አልነገርከንም። ይኼ ከኖዝል ዋጋ በፊት የሚጠየቅ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ፣ ማለትም አየር የሚገፋለት፣ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚያ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይደክማል፣ አየር አንሶት ናፍታ በዝቶበት ነው። ፊልትሮ ሲዘጋ ግን ጭስ የለም። ዝም ብሎ ነው የሚሞተው፣ ናፍታው አይደርሰውማ። ነጭ ጭስ እያወጣ የሚንገጫገጭ ከሆነ ውሃው ሲሊንደር ድረስ ደርሷል ብለህ ጠርጥር።

ሜዳ ላይ ደህና የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተር የሚጠጣው ጥቂት ነው፣ የተዘጋ ፊልትሮም ለዚያ የሚበቃ ያሳልፋል። ሐምሳ ኩንታል ጭነህ ሐረጎ ላይ ስትረግጠው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ፊልትሮ ለምን አላስቀረውም ላልከው፣ ቤት ገብተህ ጀበና ተመልከት። ቡናው ከፈላ በኋላ ወዲያው አይቀዳም። ማቶቱ ላይ ጋደም ይደረጋል። አተላው ይሰክናል። ከዚያ ሲቀዳ አፉ ላይ የተወተፈው ጭራ የተረፈውን ያጣራል። ሁለት ሥራ ነው። ሳያሰክኑ ቢቀዱት ጭራው ወዲያው ይደፈናል፣ አለዚያም አተላው ስኒ ውስጥ ይገባል። መኪናውም እንደዚያው ነው። ውሃ መለያው ማቶቱ ነው፣ ፊልትሮው ጭራው።

አንድ ሊትር ናፍታ 840 ግራም ቢመዝን ነው። ውሃ 1,000 ግራም ነው። ስለዚህ ጊዜ ከሰጠኸው ውሃው ይወርዳል። ክፉው ግን በፓምፕ ተመትቶ የደቀቀው ውሃ ነው። ጠብታው ከማነሱ የተነሳ አይወርድም፣ ናፍታውን ደፍራሳ ያስመስለዋል። መለያው ውስጥ ያለው ጨርቅ መሰል ነገር እነዚያን ደቃቆች እየያዘ እርስ በርስ ያጋጥማቸዋል። ሲገጣጠሙ ይተልቃሉ፣ ሲተልቁ ይከብዳሉ፣ ሲከብዱ ታች ወዳለው ጽዋ ይወርዳሉ። ጽዋው ሞልቶ ካላፈሰስከው ግን ውሃው ተመልሶ ወደ ላይ ይሄዳል። መለያ ውሃን አያጠፋም፣ ያጠራቅምልሃል እንጂ። ማፍሰሱ ያንተ ሥራ ነው።

በኤንትሬ የጭነት መኪና ዘመን የአሰብን መንገድ ስንመላለስ መለያው መስታወት ነበር። ዝቅ ብለህ ታያለህ፣ ውሃው ታች እንደ ጨሌ ተንከባሎ ተቀምጧል። ቀን ሚሌ በረሃ ላይ ታንከሩን በእጅ መንካት አይቻልም። ማታ ባቲን አልፈን ደሴ ስናድር ብርዱ ሌላ ነው። ሙቅ ናፍታ ዓይን የማያየው ውሃ በውስጡ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ታንከሩ ጎደሎ ከሆነ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ ያለው አየር የድስት ክዳን እንደሚያልበው ብረቱ ላይ ያልበዋል። አለቃችን ነፍሱን ይማርና «ማታ ታንከር ሙሉ፣ ጠዋት ውሃ አፍስሱ» ይለን ነበር። ሞተር ሳይነሳ ነው የሚፈሰው። ከተነሳና ከተንቀጠቀጠ በኋላ የሰከነው ይቀላቀላል።

አንድ ነገር ንገረኝ። ከማደያ ሌላ የምትቀዳበት ቦታ አለህ?


ቆራጡ፦

ጋሼ ምን ቅያሜ አለው፣ ተምሬበታለሁ። ቪትዜን ግን አትንኩብኝ።


የሐይቁ ሾፌር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጭስ የለውም። አሁን ሲሉኝ ነው ልብ ያልኩት። ረዳቴንም ጠየቅሁት፣ እሱ ከኋላ ስለነበር። «ንጹሕ ነው፣ ዝም ብሎ ነው የሚቀረው» አለ።

ከማደያ ሌላ... አልፎ አልፎ ከአጎቴ እቀዳለሁ። ወፍጮ ቤት አለው፣ ለወፍጮው ናፍታ በበርሜል ያስቀምጣል። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ ጀሪካን ሁለት ጀሪካን ይሰጠኛል። ግን የእሱ ወፍጮ ቆሞ አያውቅም! እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ያው ሞተር ነው። ስለዚህ እሱን አልጠረጠርኩም።

ሌላው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ውሃ መብራት አለ ይባላል። የእኔ በርቶ አያውቅም።


ዕቃ ሻጯ ከደሴ፦

ሰላም ወንድሜ። መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ ከአባቴ የወረስኩት ሱቅ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ በየስድስት ቀኑ ፊልትሮ ብትቀይር የምጠቀመው እኔ ነኝ። ቢሆንም ልናገር።

የመብራቱን ነገር አስቀድም። ቁልፉን ስትከፍት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ያ መብራት ከሌሎቹ ጋር አብሮ በርቶ መጥፋት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ወልቋል። ብዙ ጊዜ የማየውን ልንገርህ። ሴንሰሩ የሚታሰረው ከፊልትሮው ሥር ነው። ሰው አሮጌውን ፊልትሮ ከነሴንሰሩ ይጥለውና አዲሱን በተራ ክዳን ዘግቶ ያስረዋል። ሴንሰሩ ምንም ጥበብ የለውም። ዓይነቱ ይለያያል፣ አንዱ ለምሳሌ ሁለት ጫፍ ብረት ነው። ናፍታ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ውሃ ያሳልፋል። ውሃው ብረቶቹ ጋ ሲደርስ መብራቱ ይበራል። ሴንሰሩ ከሌለ ጽዋው አፉ ድረስ ቢሞላም የሚነግርህ የለም።

ሁለተኛ፣ ስትገዛ «የኤንፒአር ፊልትሮ ስጪኝ» ብቻ አትበል። የሞተሩን ቁጥር ይዘህ ና። የአሮጌው ሞተርና የኮመን ሬይል ፊልትሮ መልካቸው ሊመሳሰል ይችላል። ሥራቸው አይመሳሰልም። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የራስህ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ከታንከር ቀጥሎ ያለው ከነመለያው 10 ወይም 30 ማይክሮን ሊሆን ይችላል፣ ወፍራሙን ነው የሚይዘው። ከፓምፑ በፊት ያለው ወደ 5 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ለምን ብትል፣ ኖዝሉ ውስጥ የሚላወሰው መርፌና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ጥቂት ማይክሮን ነው። የጠጠር መንገድ አቧራ አስበው፣ ዱቄት እኮ ነው።

ግፊቱንም አስብ። የኋላ ጎማህ ነፋስ 7 ባር ቢሆን ነው። አሮጌ ኖዝል 200 ባር አካባቢ ይከፈታል። ኮመን ሬይል ከ1,600 ባር በላይ ይደርሳል። በዚያ ግፊትና በዚያ ሙቀት ላይ የገባች ጠብታ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ትሆንና የኖዝሉን ጫፍ ልትሰብረው ትችላለች። ወፍጮው የሚችለውን ያንተ መኪና የማይችለው ለዚህ ነው።

ርካሹንስ ፊልትሮ? ወረቀቱ ተራ ከሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ያኔ ቆሻሻ ሳይሞላው ገና ይዘጋል። ደህናው ውሃን የሚገፋ ነገር የተቀባ ነው። እኔ ጋ ሁለቱም አለ። የትኛውን እንደምሸጥልህ ከዚህ በኋላ አንተ ታውቃለህ።


የአሰብ መንገድ ጡረተኛ፦

እህታችን ጥሩ አስረድታለች። አንድ ልጨምር፣ ሁሉም የሚሳሳተው ነው። አዲስ ፊልትሮ ስታስር «ኤር እንዳይዝ» ብለህ ከጀሪካን ናፍታ አትሙላበት። በመሐሉ ቀዳዳ የጨመርከው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ነው የሚሄደው። ባዶውን እሰረውና በእጅ ፓምፑ እየገፋህ ሙላው፣ ኤሩንም አስወጣ። ትከሻህ ይድከም።

አሁን የአጎትህ በርሜል። ቆሞ ነው ወይስ ተጋድሞ? ዝናብ ይነካዋል? የምትቀዱትስ በምንድን ነው?

ሳትመልስልኝ በፊት ይኼን አድርግ። አራት የሃይላንድ ጠርሙስ አዘጋጅ። አንዱን ከማደያው ቧንቧ በቀጥታ ሙላ። አንዱን ከበርሜሉ ላይኛው ክፍል። አንዱን ከበርሜሉ ወለል። አራተኛውን ከራስህ ታንከር ሥር ካለችው ቡሎን፣ ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሳ። ጻፍባቸው። አንድ ሌሊት ሳይነቃነቁ ከእሳት ራቅ ብለው ይደሩ። ለማንም ምንም አትናገር። ከማንም ጋር ደግሞ አትጣላ።


የሐይቁ ሾፌር፦

ጀማዓ፣ ተመልሻለሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ጠርሙሶቹን ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። እናቴ «ጠንቋይ ቤት አስመሰልከው» አለችኝ። ጠዋት ተነስቼ አየሁ። የማደያው ጥርት ያለ ነው። ጋዜጣ ከኋላው ብታደርግ ታነብበታለህ። የበርሜሉ ላይኛው ክፍልም ደህና ነው። የበርሜሉ ወለል ግን... ከታች ሦስት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ከውሃውና ከናፍታው መካከል ደግሞ ጥቁር ዝልግልግ ነገር፣ እንደ ሙጫ። የእኔ ታንከር አንድ ጣት ውሃ፣ ዝገት የመሰለ አተላ ከነምኑ።

ጠርሙሱን ይዤ አጎቴ ጋ ሄድኩ። በርሜሉ የቆመው ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ነው። ቆሞ፣ አፉ ወደ ላይ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰላችሁ፣ ግን አላየሁትም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ ክዳኑ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ጠርዙ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚወርድበት የለውም። የቡሾኑ፣ የበርሜሉ አፍ መክደኛ፣ ጎማ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ቡሾኑ ራሱ ውሃው ውስጥ ተጠምቋል።

ለጋሼ በውስጥ መስመር ፎቶ ላክሁላቸው። እንዲህ አሉኝ። ቀን ፀሐይ ሲመታው በርሜሉ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፣ በቡሾኑ በኩል ይተነፍሳል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ይስባል። የሚስበው ደግሞ ክዳኑ ላይ የተኛውን ውሃ ነው። ክረምቱን ሙሉ በየሌሊቱ አንድ ጉንጭ ሲጎነጭ ከርሟል። ያ ጥቁሩ ዝልግልግ ደግሞ ተዋሲያን ናቸው አሉኝ። ውሃና ናፍታ የሚገናኙበት ላይ ይራባሉ፣ ፊልትሮ የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ሐምሌ ላይ ለምን እንደጀመረኝ ያኔ ገባኝ።

ወፍጮውስ ለምን አልቆመም? አጎቴን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። የወፍጮው ናፍታ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ ታንከር ነው በራሱ ክብደት የሚወርደው። ከሥሯ ቧንቧ አላት። አጎቴ ሱብሒ ሰግዶ ሲመጣ፣ ወፍጮውን ሳያስነሳ፣ ያችን ቧንቧ ከፈት አድርጎ በጣሳ ያፈሳል። ለወፍጮው የሚቀዳውም ከበርሜሉ ላይ ላዩን በጣሳ ነው። ለእኔ ግን የመሳቢያ ጎማውን እስከ ወለሉ ሰድዶ ነበር የሚስብልኝ። «ቶሎ እንዲሞላልህ ብዬ ነው» አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያፈሰውን ውሃ ለእኔ በጀሪካን ሲያሸክመኝ ከርሟል፣ ደግሞ ነፃ ነው እያልኩ እመርቀዋለሁ።

በርሜሉን ባዶ አድርገን አጠብነው፣ አደረቅነው፣ ጣሪያ ሥር አስገብተን አጋደምነው። ሁለቱ ቡሾኖች ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ሆነው፣ ናፍታው ራሱ ከውስጥ እንዲሸፍናቸው። ይኼም የጋሼ ትምህርት ነው። አዲስ ጎማም ገባላቸው።

የመኪናውን ታንከር አውርደን አጠብን። ውስጡን በባትሪ ሳየው አዘንኩ። ከደሴዋ እህታችን ጋ ሄጄ ሁለቱንም ፊልትሮ ገዛሁ፣ ደህናውን። ሴንሰሩም አልነበረም፣ በክዳን ነው የተዘጋው፣ ልክ እንዳለችው። ገጠምን። ቁልፉን ስከፍት መብራቱ በራ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ያን መብራት አይቼው አላውቅም።

ኖዝሎቹን አስፈተሽኩ። አንዱ ብቻ ነው ያለቀው፣ ሦስቱ ደህና ናቸው። አንዱን ቀየርኩ። አንዱም ቢሆን አንጀት ያሳርራል፣ ግን አራት አይደለም።

ትናንት ሲሚንቶ ጭኜ ሐረጎን ወጣሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ፣ አልፎ አልፎ ሁለተኛ። ረዳቴ ድንጋዩን እቅፉ ላይ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። ደሴ ስንገባ በመስኮት ሊጥለው ሲል ከለከልኩት። ወንበር ሥር ነው ያለው።

ማደያው ጋም ሄድኩ። ያው ቀጂ ነበር። ጠርሙሱን አሳየሁት፣ የራሴ ጥፋት እንደነበር ነገርኩት፣ ሰው ፊት ስለጮህኩበትም ይቅርታ ጠየቅሁ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። ዞር ዞር አድርጎ አየው። መለሰልኝና «ስንት ልቅዳልህ?» አለኝ።